ከዘጌ የሄደው ከበሮ

ጉያና፣ ኤሴኩቦ ወንዝ ዳር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ መርስዔ ኀዘን
ዘጌ

እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጎረቤትዎ የብርጓልስ እንደ ቀድሞው ትመጣለች? ኪዳነ ምሕረት ሁላችሁንም ትጠብቅልኝ። ለስብከት የተላክነው እኔና አባ ቃለ ሕይወት ጾሙ በገባ ማግስት እዚህ ደርሰናል።

በውላችን መሠረት በምስጋናው እጀምራለሁ። ከበሮውን ሲሰጡኝ «በየደብዳቤህ መግቢያ የምታመሰግንበትን አንድ ነገር ትጽፍልኛለህ፤ ከኋላው ወቀሳ አታስከትልም» ብለው ቃል አስገብተውኛል። እነሆ፦ በሰላም ስለደረስሁ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምስጋናው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ዘገባ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ጎረምሳ ፖሊስ የከበሮውን ቆዳ ካልቀደድሁ አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ሊያይ ነው። «አየር ነው ያለው» አልሁት። «ምን ዓይነት አየር?» አለኝ። «የዘጌ አየር» ስለው አለቃውን ጠራብኝ። አባ ቃለ ሕይወት ፈገግ ብለው በመካከላችን ባይገቡ ይህን ደብዳቤ ከእስር ቤት ነበር የምጽፍልዎ። ከዚያ ጧት ይነሣል የተባለው ጀልባ ከቀትር በኋላ ተነሣ፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። የእኛ የዘጌ ጀልባ እንኳ ሲዘገይ ባለ ጀልባው ምክንያት ይፈጥራል። እዚህ ውሸት ለመፍጠርም አልደከሙ።

መንደሯ በወንዙ ዳር ናት። ሰዎቹ አያቶቻቸው ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ናቸው። ትልልቆቹን ያጠመቃቸው ከብዙ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ የመጣ ካህን ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ቋሚ ካህን አላዩም። ቤተ ክርስቲያኑ በግንድ ላይ የቆመ የሳንቃ ቤት ነው። እኔ የአባን ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ፤ የተረጎምሁትን የማይከታተል ሲኖርም እናገራለሁ።

የቤተሰባችንን ሽማግሎች ውሳኔ አልረሳሁም። የአያቴ የመሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከበሮ ለትንሣኤ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ካገለገለ እዚሁ ይቀራል። ካላገለገለ ተመልሶ ለአጎቴ ልጅ ለአገኘሁ ይሰጣል፤ እሱም ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በሠራው ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ቱሪስት አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ አይሆንም። አሁን ሁዳዴ ስለሆነ ከበሮ አይመታም። በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰዎቹ እየመጡ ያዩታል። ማንም እንዳይነካው ተናግሬያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቼ ባሕር ዳር ላለው ለቢያዝን እልክለታለሁ፤ እሱ በጽሕፈት ሱቁ አትሞ በጀልባ ይሰድልዎታል። በስልክ ቢሆን በቀለለ፤ ነገር ግን «በስልክ ትጮህብኛለህ» ብለው ከለከሉኝ። አልጮህም። መስመሩ ስለማያሰማ ነው።

የወንድምዎ ልጅ
ፍሬ ስብሐት


ዘጌ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ ስብሐት፤ የአባቶችህ አምላክ በሄድህበት ይቅደምልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገቱን እንጂ ሜዳውን አልተጣላም።

በሰላም መድረስህን ከቢያዝን ሰምቼ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሜ አመስግኜበታለሁ። ያ የእኔ ምስጋና ነው፤ አንተ ለምን ትወስደዋለህ? በሰላም መድረስን መራዊ ሄደህም ታገኘዋለህ፤ መስኖውን ስትሠራ ስንት ዓመት ስትመላለስ የኖርህበት መንገድ ነው። እኔ የጠየቅሁህ እዚያ አገር ካልሄድህ በቀር የማታገኘውን ነው። የሰው እጅ ያረፈበትን። እንዴት እንደሚደረግ ላሳይህ፦ ትናንት የብርጓል ከባሕር ዳር ገበያ ስትመለስ የእኔን ቅርጫት ከራሷ ቅርጫት በላይ ደርባ ተሸክማ መጣች። እግዚአብሔር ይስጣት። አለቀ። አየህ? ሽንኩርቱ ተጨፍልቆ ነበር አላልሁም።

አገኘሁ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ምስማሩን እንደመታ ነገረኝ። «እትዬ፣ መብራት ሁሉ አስገብቼለታለሁ» አለኝ። «ከበሮ መብራት ምን ያደርግለታል፣ አያነብ» አልሁት። ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። አያቱን ማክበር በእሱ ቤት እንዲህ ነው። ለትንሣኤ ከበሮው ካልሠራ ይመለሳል ብያለሁና ቃሌ ቃል ነው፤ ይህን አንተም እሱም እወቁት።

የከበሮው ትንሹ አፍ እርጥበት አይወድም። ከወለሉ ከፍ አድርገው። ጠፍሩን እንዳታጠብቅ፤ እርጥብ ሳለ ከጠበቀ ሲደርቅ ይተረተራል። በጨርቅ ጠቅልለህ አትተወው፤ በሳምንት አንድ ቀን ግለጠውና ነፋስ ይንካው። አባታችን እንዲህ ሲሉ እሰማ ነበር።

አክስትህ
ወለተ ጊዮርጊስ


ኤሴኩቦ ወንዝ ዳር
መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብርት እትዬ፤ ጤናዎ ይብዛልኝ፤ የሐይቁ ነፋስ ጉልበትዎን አይንካብኝ።

ምስጋና፦ እዚህ የወንዙ ውኃ ድፍርስ ነው። አንዲት ሴት በየማለዳው ከጣሪያዋ ያጠራቀመችውን የዝናብ ውኃ በባልዲ አምጥታ በደጃፋችን ታስቀምጥልናለች። ስለ ውኃው አመሰግናለሁ። ባልዲው ግን ክዳን የለውም፤ ትንኝ ይገባበታል። ነግሬያታለሁ።

አሁን የምጽፍልዎ የዚችኑ ሴት ጥፋት ነው። የመንደሩ ሰው አንቲ ዶሪን ይላታል፤ ክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ አሁንም በታንኳ እየወጣች መረብ ትጥላለች። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበትን መሬት የሰጠች እሷ ናት። የሚዘምሩት ሴቶችም የእሷ ናቸው፤ እሷ ከመጣች ይመጣሉ፤ ከቀረች ይቀራሉ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ምሳ አዘጋጁልን። አባ ቃለ ሕይወት ወደ አንድ በሽተኛ ሄደው ስለነበር በክብር ቦታው እኔ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ ትልቅ ሳህን ይዛ መጥታ ከፊቴ አኖረች። ዓሣ ነው፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ፤ ከነጭንቅላቱ። በሁዳዴ እሑድ፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ። ሳህኑን ገፋሁት። «በዚህ ጾም ዓሣ የሚያቀርብ ሰው ክርስቲያን ነኝ አይበል» አልሁ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። እሷም ጥቂት አየችኝና «መረቤን የጣልሁት ለአንተ ነበር» አለች። ሳህኑን አንሥታ ወጣች። ሴቶቹም ተከትለዋት ወጡ።

ልክ ነበርሁ። ሥርዓቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አባ ሲመለሱ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ምሽቱን ሙሉ ዳዊታቸውን ሲያነቡ አመሹ። አባ ሲቆጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ እኔ ደግሞ ያልተነገረኝን ቁጣ አልቀበልም።

ፍሬ ስብሐት


ኤሴኩቦ ወንዝ ዳር
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብርት እትዬ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዬ አልደረስዎትም ወይ? ቢያዝን «በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፤ ፊቴ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተዋል» ብሎኛል። ምነው ዝም አሉኝ?

የምስጋናውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ያልተሰማኝን አልጽፍም።

ሴቶቹ እሑድም አልመጡ፤ በቀጣዩም እሑድ አልመጡ። አባ ሲያስተምሩ እኔ ስተረጉም ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ውሻ ሰሙን። ዋና ከተማው ያለው የተልእኮው አስተባባሪ ነገሩን ሰምቷል። ለትንሣኤ ቅዳሴ ተጨማሪ ካህንና ዲያቆናት ከከተማው መምጣት አለባቸው፤ እሱም «ሕዝብ በሌለበት ቀዳስያን አልልክም፤ በዚህ ከቀጠለ የስብከት ጣቢያው ይዘጋና አባ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ» ብሎ ጽፎልኛል። ቅዳሴ ከሌለ ከበሮው አያገለግልም። የዚህን ትርጉም ያውቁታል።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር አለ። ሽማግሎቹን ያነጋግሩልኝ፤ ቀኑን ከትንሣኤ ወደ ጰራቅሊጦስ ያራዝሙልኝ። አገኘሁ ጥቂት ሳምንት ቢጠብቅ ግድግዳው አይወድቅበትም።

ውኃው ግን አልቀረም። ማን እንደሚያስቀምጠው አይታይም፤ ጧት ስንነሣ አለ። አሁን ክዳን ተደርጎበታል።

ፍሬ ስብሐት


ዘጌ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍሬ ስብሐት፤ እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። የዛሬው ምርቃቴ ይኸው ብቻ ነው።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ዝም ያልሁት ተናድጄ ነው። በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከአንተው አይቻለሁ፤ ስለዚህ እስኪበርድልኝ ቆየሁ። አሁንም ብዙ አልበረደልኝም።

መጀመሪያ ነገር፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው «መጣች፣ ሄደች» እያልህ ጻፍህልኝ። በእንግሊዝኛው እንዴት እንደምትጠራቸው አላውቅም፤ ለእኔ የጻፍኸው ግን በአማርኛ ነው። የእኔም ዕድሜ ያው ነው።

ወደ ዓሣው ልምጣ። በሁዳዴ ዓሣ አይበላም፤ በዚህ ልክ ነህ። እኛ ሐይቅ ዳር ተወልደን ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተን ያደግን ነን። ግን ስለ ዓሣ ከተነሣ አንድ ነገር ልንገርህ።

አምስት ዓመትህ ነበር። በጀልባ እህልና ጨው እያመላለሰ የሚነግድ ሙሔ የሚባል የባሕር ዳር ሰው ነበር፤ እስላም ነው። ክረምት ላይ ማዕበል ጀልባውን ገለበጠበትና እየዋኘ ከእኛ ጫካ ሥር ወጣ። አባታችን ቤት አርፎ፣ ልብሱን አድርቆ፣ ስንቅ ተሰጥቶት ሄደ። በዓመቱ ውለታውን ሊመልስ መጣ። እንግዲህ አስብ። ሥጋ ቢያመጣ እኛ የእሱን አንበላም፤ እኛ ብናርድለት እሱ የእኛን አይበላም። ተጨንቆ፣ ሁለታችንም የምንበላውን ፈልጎ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሁሉን አስቦ ሁዳዴ መሆኑን አላሰበም።

አባታችን ከመደቡ ተነሡ። ዓሣውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። «ሙሔ፣ ቤቴን አከበርኸው» አሉ። ለእናታችን ሰጥተው አሠሩት። ከዚያ ለጾም ያልደረሱትን የሰፈሩን ልጆች ጠርተው ክብ አድርገው አስቀመጡና፣ እሳቸውም ከልጆቹ ጋር መሬት ተቀምጠው አጥንቱን በጣታቸው እየለቀሙ አንድ በአንድ አጎረሱ። ሙሔ አጠገባቸው ሆኖ ያያል። ጾም ነው የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሊያልቅ ሲል ሙሔ ራሱ ነቃና ደነገጠ፤ «መሪጌታ፣ እርስዎ አልቀመሱም» አለ። «እኔማ ሳጎርስ ጠገብሁ» አሉት። ሙሔ እስኪሞት ድረስ ይህን እየተናገረ ይስቅ ነበር፤ ልጁ መስዑድ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ያነሣብኛል።

ጾሙ ፈረሰ? አልፈረሰም። ሰውየው አፈረ? አላፈረም። መሪጌታ ማለት እንዲህ ነው። ከልጆቹ አንዱ አንተ ነበርህ። ጭንቅላቱን ካልበላሁ ብለህ ያለቀስኸውም አንተ ነህ፤ ሰጥተውሃል።

ሽማግሎቹን አላነጋግርልህም። ቀኑም አይራዘምም። ይህን ያበላሸው ቀኑ አይደለም።

ደግሞ የምስጋናውን ቦታ ባዶ ተውሁት አልህ። ባዶ አይደለም። እዚያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ ራስህ ጽፈኸዋል፤ አንብበው። ክዳኑን ያደረጉልህ ከሰደብሃቸው በኋላ ነው።

ወለተ ጊዮርጊስ


ኤሴኩቦ ወንዝ ዳር
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልጽፍም። ምስጋናውን ግን አልከለከሉኝምና እጽፋለሁ፦ ስለ ክዳኑ አመሰግናለሁ። ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ ከባልዲው አፍ ጋር በልኩ ገጥሟል።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግስቱ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቤት ሄድሁ። ከቤታቸው ሥር፣ በምሰሶዎቹ መካከል ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ቀና አላሉም።

«ለክዳኑ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት» አልሁ።

«ገጠመ?»

«በልኩ።»

«አንተ ‹በልኩ› ካልህ ሌላው ሰው እልል ማለቱ ነው» አሉ መረባቸውን እየጎተቱ።

እትዬ፣ እኔ በስብሰባ ፊት ሚኒስትር ያረምሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ መረብ ፊት ግን እንግሊዝኛው ጠፋኝ። በመጨረሻ «ዓሣ አለዎት?» አልሁ።

ያኔ ቀና አሉ። «ለማን? ጾም ነው ብለህ አንተ አይደለህም እንዴ ያስተማርኸኝ? ጣሪያው እስኪነቃነቅ ነው ያስተማርኸኝ።»

«ለጾም ያልደረሱ ልጆች አሉ?»

እጃቸውን ወደ ወንዙ ዘረጉ። የልጅ ልጆቻቸውና የጎረቤት ልጆች እዚያ ውኃ ይራጫሉ። እኔም የሙሔን ዓሣ ነገርኋቸው፤ እርስዎ እንደጻፉልኝ፣ አንድም ሳልጨምር። ጭንቅላቱን ብዬ ማልቀሴን ስነግራቸው ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፃቸው ወፍራም ነው። ዓሣውን ሠሩት። መሬት ተቀምጬ አጥንቱን ለቀምሁ፤ ልጆቹንም አጎረስሁ። እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። አንዷ ሕፃን «አያቴ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ አይጮህም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ያርፋል» አሏት።

ልሄድ ስል «ያ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሴቶቹ የጳጳስ አፅም ነው ብለው ይፈሩታል።» ከበሮ እንደሆነ፣ የማን እንደነበረ፣ ለምን ዝም እንዳለ፣ ትንሣኤ ላይ ካልተናገረ የት እንደሚሰቀል ሁሉንም ነገርኋቸው። «ከባሕር ማዶ አምጥተኸው እንዳንነካው ከለከልኸን» አሉ። እመጣለሁም አላሉኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የሰደብኋቸው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በሕዝብ ፊት ማድረግ ነበረብኝ። በሆሣዕና ከትምህርቱ በኋላ ተነሥቼ «ልክ ነበርሁ፤ ደግሞም በደልሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ነበሩ፤ ውሻውም ነበረ። እሳቸው አልነበሩም።

ትናንት አስተባባሪው ደውሎ ቀዳስያኑን ልላክ ወይስ ልተው አለኝ። «ይምጡ» አልሁት። «ሕዝብ አለ?» ሲለኝ «ይምጡ» ብዬ ደገምሁለት። አልዋሸሁም፤ ግን እጄ ላይ ምንም የለኝም።

ፍሬ ስብሐት


ኤሴኩቦ ወንዝ ዳር
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክብርት እትዬ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፣ እንኳን በሰላም አገናኘን፤ ብንራራቅም ማለቴ ነው።

ዛሬ ምስጋናውን መግቢያ ላይ አልጻፍሁትም። ደብዳቤው በሙሉ እሱ ስለሆነ ለይቼ ማውጣት አቃተኝ።

በቀዳም ሥዑር ጧት ዝናብ ነበር። አባ ቃለ ሕይወት ከወንዙ ዳር ቄጤማ አጭደው ባርከው ለማን እንደሚሰጡት ሳያውቁ ተቀምጠዋል። እኔ ከበሮውን ገልጬ መታ ባደርገው እርጥብ ሳንቃ የመታሁ መሰለኝ። ከወለሉ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ በየሳምንቱ ገልጬዋለሁ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ፤ የዚህ አገር አየር ግን ራሱ ውኃ ነው። በፀሐይ እንዳላሞቀው ፀሐይ የለም። በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከወንዙ በኩል የታንኳ መቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከፊት ናቸው። ሴቶቹ ከኋላ፤ ባሎቻቸው፣ ልጆቻቸው፤ ከላይኛው መንደር አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ጭምር። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። የእሳቸው ታንኳ ላይ የከሰል ምድጃ ተጭኗል። «ከበሮ በዝናብ ወራት እንዴት እንደሚኮርፍ እኛም እናውቃለን» አሉ። አባ ቄጤማውን አደሉ፤ ሁሉም በግንባሩ አሰረ። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እያለቀሱ እንደሆነ ከጀርባቸው አወቅሁ።

ከዚያ በምድጃው ላይ ተከራከርን። እሳቸው ይቅረብ ይላሉ፣ እኔ ይራቅ እላለሁ። «ይቃጠላል» ስል «አንተ ነህ የምትቃጠል» ይላሉ። በመጨረሻ መዳፌን በፍሙና በቆዳው መካከል አድርጌ፣ እጄ የቻለውን ርቀት ቆዳውም ይቻለው ብዬ ወሰንሁ። እሳቸውም የራሳቸውን መዳፍ ከእኔ አጠገብ አስገቡ። እንዲህ ሆነን ቆዳው እስኪጠብቅ ቆየን።

ቀዳስያኑ መጡ። ቤቱ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆመ። ከቁርባኑ በኋላ አንዱ ዲያቆን ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሲመታው ሳንቃው ወለል ከሥራችን አብሮ መታ። ከዘጌ የወጣው አየር እዚህ ሲፈታ ሰማሁት። ኮራሁ። በአያቴ፣ በእርስዎ፣ በዚህ ሕዝብ። አባ እንደሚነግሩዎት ደግሞ አልጮህሁም።

ሲነጋ ቀዳስያኑ ሌላ መንደር ስለሚጠበቁ በጀልባ ሄዱ። ሕዝቡ ግን አልሄደም። ሴቶቹ በራሳቸው ቋንቋ የትንሣኤ መዝሙራቸውን ጀመሩ፤ እያጨበጨቡ። ከበሮው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እያጨበጨቡ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። አልጠየቁም።

እዚህ ላይ ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ያውቁታል። ሴት የመሪጌታን ከበሮ ስትመታ አላየሁም። መጽሐፍ የለኝም፣ የምጠይቀው የለም፣ አባም ያዩኛል። ተነሣሁና ከበሮውን አንሥቼ በአንገታቸው ላይ አንጠለጠልሁት። ማንገቻውን በልካቸው አሳጠርሁት። መቱት። ዲያቆኑም እሳቸውም የመቱትን ቀድቼ ከእሳቸው ፎቶ ጋር ለቢያዝን ልኬለታለሁ፤ ያሰማዎታል።

አጥፍቼ እንደሆነ ይፍረዱብኝ። ከበሮው ቅዳሴ አገልግሏል፤ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን የእኔ ነው። ይመለስ ካሉ ራሴ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ።

ፍሬ ስብሐት


ዘጌ
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ ስብሐት፤ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እጅህን እግዚአብሔር ይባርከው፤ ፍም ላይ የያዝኸውን እጅ።

ቢያዝን ድምፁን በጀልባ ራሱ ይዞት መጣ። አገኘሁ መምጣቱን ሰምቶ አብሮ ተሳፍሯል። ሽማግሎቹን አስጠራሁ። የብርጓል ዶሮዎቿን ዝም ማሰኘት አቅቷት ከግቢ አባረረቻቸው። ቢያዝን ስልኩን በርጩማ ላይ አደረገው፤ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የዲያቆኑን ሰማን። ሽማግሎቹ «አገለገለ» አሉ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። አገኘሁ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ የሴቶቹን ሰማን። አገኘሁ ሲነሣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ «አያቴ ባሕር ተሻገሩ» አለ። ምስማሩን ግን አልነቅልም ብሏል፤ አንተ የላክኸውን የወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን ፎቶ አሳትሞ ሊሰቅልበት ነው። ይስቀል። መብራቱም በከንቱ አይቀርም።

አሁን አጥፍቼ እንደሆነ ይፍረዱብኝ ላልኸው።

አባታችን በቅኔ ማኅሌት ከወንድሞቻቸው ጋር ያገለገሉበት ከበሮ ነው፤ ያ የታወቀ ነው። ትንሣኤ ጧት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያንኑ ከበሮ ከትከሻቸው አውርደው፣ በግቢያችን ውስጥ፣ በቡናው ጥላ ሥር፣ በእኔ አንገት ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። ማንገቻውንም በልኬ ያሳጥሩት ነበር። እኔ እመታለሁ፣ እናታችንና ጎረቤት ይዘምራሉ፣ እሳቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ይሰማሉ። ከእሳቸው ሞት ወዲህ አልነካሁትም። ለማንም አልነገርሁም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም። ስለ ጠፍሩና ስለ ትንሹ አፍ የጻፍሁልህን ከአባታችን ሰማሁ ያልሁት ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን እጄ ነው የሚያውቀው።

አንተ ይህን ሳታውቅ እሳቸው ያደረጉትን አደረግህ። ከበሮው አይመለስም። ቦታው ደርሷል።

ለወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በእንግሊዝኛ እንዲህ በልልኝ፦ አባቷ የሰጧትን ለማታውቀው ሰው ሰጥታ፣ ያ ሰው በልኩ ሲይዘው መስማት ምን ማለት እንደሆነ ዘጌ ላይ የምትኖር አንዲት አሮጊት ታውቃለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደግሞ በላቸው፣ ቀኝ እጃቸው ትልቁን አፍ ሲመታ ግሩም ነው፤ ግራ እጃቸው ግን በትንሹ አፍ ላይ ይዘገያል፤ ጣታቸውን ሰብሰብ ያድርጉት።

አየህ፣ እኔም ወቀሳ ሳላስከትል ማመስገን አልቻልሁም። ሁለታችንም ከአንድ ቤት ነው የወጣነው።

ግራ እጃቸውን ግን ንገራቸው።

አክስትህ
ወለተ ጊዮርጊስ